እንጎቻውና መንገዱ፦ ሕመም ይዞ ወደ ኮሌጅ መመለስ

የሳምንቱ ንባብ፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-8፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23

ይህ ጥናት በሕመም ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ፣ አሁን “ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ?” እያለ ለሚያወጣ ለሚያወርድ ነው። እዚህ ካኩማ እንዲህ ያለ ሰው ከየብሎኩ አይጠፋም። አንዱ አስም አለበት፣ ሌላው የሚጥል በሽታ። ዛሬ ግን ኢንሱሊን የሚያስወጋውን ስኳር እንያዝ። ዝርዝሩ ከሕመም ሕመም ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ እንደ ድሮዬ ካልሆንኩ እንዴት እማራለሁ?

ኤልያስን ተመልከቱት። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ያየ ነቢይ፣ ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ንግሥት ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ይለምናል። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። “እምነትህ የት ገባ?” አላለውም። መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ያው ምግብ። ምክንያቱንም ነገረው፦ የሚጠብቀው መንገድ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መልአኩ መንገዱን አላሳጠረለትም፤ እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ነው የሄደው። “ደክመሃልና እዚሁ ቅር” ም አላለውም። የመንገዱን ርዝመት አልደበቀም፣ ስንቁንም አልከለከለም።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ወይ እንቀራለን፣ ወይ ሕመሙ የሌለብን እያስመሰልን እንገባለን። ሁለተኛው ጀግንነት ይመስላል። ጓደኛ እንዳያይ ብሎ መርፌ መዝለል፣ ፈተና ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቅ ዝም ማለት ግን ጀግንነት አይደለም። ስኳር ሲወርድ አእምሮም ይደናገራል፤ ያን ጊዜ ለራስ መፍረድ ይከብዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ክሊኒክ ሂዱ። “ደህና ነኝ” ብላችሁ አትመለሱ። የክፍል ሰዓታችሁን፣ በቀን ስንቴ እንደምትበሉ፣ ራሽኑ ከወሩ ስንት ቀን እንደሚያደርሳችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ማጣት አደገኛ ነው፤ መጠኑን በትክክል ማስተካከል የሚቻለው እውነቱ ሲታወቅ ነው። ሙቀቱንም አትርሱ። በቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል። ፍሪጅ ለሌለው ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይረዳል፦ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገብቶ፣ መካከሉን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ማርጠብ፣ ከላይ በእርጥብ ጨርቅ መክደን። ብልቃጡ በላስቲክ ይጠቅለል። ስንት ቀን እንደሚያቆይ ደግሞ ነርሷን ጠይቁ።

ቀጥሎ ኮሌጁ። የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፦ በክፍልና በፈተና መካከል ስኳር መለካትና መብላት እንዲፈቀድ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርስ እንዲቀነስ። በስኮላርሺፕ የምትማሩ ከሆነ ግን ኮርስ ከመቀነሳችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። አንዳንዱ ሙሉ ኮርስ መውሰድን ይጠይቃል፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ በኋላ ከመለማመጥ ይሻላል። ደግሞም አንድ የክፍል ጓደኛ ይወቅ፦ ስትንቀጠቀጡ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይስጣችሁ፤ ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን አፋችሁ ውስጥ ምንም ሳይጨምር ወደ ሕክምና ያድርሳችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ጢሞቴዎስ። ይህ ወጣት በኤፌሶን ከባድ ሥራ ነበረበት፤ ሆዱን ያመዋል፣ ሕመሙም ይደጋገማል። ጳውሎስ በሽተኞችን በጸሎት የፈወሰ ሐዋርያ ነው። ለዚህ ለሚወደው ልጁ ግን ምን ጻፈለት? ጥቂት ወይን ስለ ሆድህ ውሰድ የሚል ምክር፣ ማለትም በዚያን ዘመን እንደ መድኃኒት የሚታወቀውን። ከሥራውም አላነሣውም። እምነቱ ጎደለ ብሎም አልጻፈም።

ይህን የምለው ከጸሎት በኋላ “ተፈውሰሃል፣ መርፌውን ጣል” የሚል ድምፅ በመካከላችን ስለሚሰማ ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ ስኳር የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ እንጸልያለን፤ የፈወሰውንም ሐኪም ለክቶ ቢያየው ክብሩ አይቀንስም። ጾምም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ያልፈቀደለት ሰው ሌላው ሲጾም ቢበላ ማንም በጎሪጥ አይየው፤ እሱም ተደብቆ አይብላ።

ለቡድን ውይይት፦ በብሎካችሁ በሕመም ምክንያት ከትምህርት የቀረ ሰው አለ? ሳታሳፍሩት ማን ሄዶ ያነጋግረው? ለኮሌጅ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል፣ ማሰሮ የሚያውስ፣ በክሊኒክ ሰልፍ አብሮት የሚቆም ከመካከላችሁ ማን ነው? የምዝገባው ቀን ከማለፉ በፊት በዚህ ሳምንት ተነጋገሩ።