በጣት የሚዞር ሞለኪዩል

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ናት። ዝናሙ በየዓመቱ ለብዙ ወራት ስለሚዘንብና ሙቀቱም ስለሚበረታ አካባቢው ለወባ ትንኝ መራቢያ ይመቻል። ለወባ ሕመምተኞች ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኞቹ ከአርቴሚሲኒን የተገኙ ናቸው። ይህን ንጥረ ነገር የአሪቲ ወገን ከሆነ የቻይና ተክል እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ለይተው ያወጡት ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቱ ዩዩም ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ የአርቴሚሲኒን ሞለኪዩል 15 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጂንና 5 የኦክሲጅን፣ በድምሩ 42 አቶሞች አሉት። የፈዋሽነቱ ምሥጢር ግን ከአቶሞቹ ብዛት ይልቅ በአቀማመጣቸው ላይ ይገኛል። ከኦክሲጅኖቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ድልድይ ተዘርግተዋል። የወባ ተሕዋሲ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢንን ሲመገብ ብረት ያዘለ ውሁድ ይተርፋል። ድልድዩ ከዚህ ብረት ጋር ሲገናኝ ይሰበራል፤ ከስብራቱም ተሕዋሲውን የሚያጠፉ ኃይለኛ ቁርጥራጮች ይፈጠራሉ። ከድልድዩ አንዱ ኦክሲጅን ቢጎድል መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል።

መምህር ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥለው መስመሮቹ ይደራረባሉ፤ ድልድዩም ከሌሎቹ መካከል ይሰወራል። ሞለኪዩሉ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው አካል ነውና። ቅርፁን በስሌት ለማግኘት ኮምፒዩተር፣ ኤርዊን ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ባወጣው ቀመር ላይ ተመሥርቶ፣ የሞለኪዩሉ ጉልበት ዝቅ የሚልበትን የአቶሞች አቀማመጥ ይፈልጋል። ይህን የመሰለውን የስሌት ዘዴ ያዳበሩት ዋልተር ኮንና ጆን ፖፕል እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የስሌቱ ውጤት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ አቶም አንድ መስመር ይመደባል፤ በመስመሩም ላይ የአቶሙ ምልክትና ቦታውን የሚያመለክቱ ሦስት ቁጥሮች ይሰፍራሉ። ጄይሞልን የመሰለ በነፃ የሚገኝ መርሐ ግብር ሰንጠረዡን ተቀብሎ በድረ ገጽ ላይ ምስል ያደርገዋል። ካርቦኑ ግራጫ፣ ሃይድሮጂኑ ነጭ፣ ኦክሲጅኑ ቀይ ሆኖ ይታያል። ተማሪው ምስሉን በጣቱ ሲያዞረው ተሰውሮ የነበረው ቀይ ድልድይ ወደ ፊት ይመጣል።

የዚህ ጥቅም ለጁባ ታላቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጁባ ዩኒቨርሲቲ በጦርነት ምክንያት በ1989 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ተሰዶ ለብዙ ዓመታት በዚያ ቆይቷል። ቤተ ሙከራን ከነመሣሪያው ይዞ መሰደድ አዳጋች ነው፤ 42 የቁጥር መስመሮች ግን በኪስ ውስጥ ይጓዛሉ። ከባዱ ስሌት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አንድ የእጅ ስልክ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ማሳያ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ምስሉ ከእውነተኛው ነገር ጋር መምታታት የለበትም። አቶሞች በምስሉ ላይ የሚታየው ቀለም የላቸውም፤ የሚያያይዛቸውም ዘንግ የለም። ስሌቱም ቢሆን ግምት ስላለበት በሙከራ ከተገኘው ልክ ጋር መመዛዘን ይገባዋል። ምስል ዓይንን ይመራል፤ ሙከራ ደግሞ ምስሉን ይፈትናል።

መልመጃ

1. አንዱ ኦክሲጅን ሲጎድል መድኃኒቱ ኃይሉን የሚያጣው ለምንድን ነው?
2. «በኪስ ውስጥ ይጓዛሉ» የሚለው አባባል በምንባቡ ውስጥ ምን ያመለክታል?
3. «ውሁድ»፣ «አዳጋች» እና «መመዛዘን» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።