ሐረግ ሬሳን መለየትና በጓሮ ማሳደግ

ከየትኖራ እስከ ብቸና፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሞጣ ድረስ፣ ሰው ድንገት ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ከንፈሩ ሲቆስል «ምች መታው» ይባላል። መጀመሪያ የሚቀጠፈው ዳማከሴ ነው። ሐረግ ሬሳም ይፈለጋል፤ ቅጠሉ በድስት ይፈላና ታማሚው ጋቢ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ዳማከሴን ብዙ ሰው በጓሮው ተክሎታል። ሐረግ ሬሳ ግን ያው ከቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ እየተጎተተ ይመጣል። ጤፍ አብቃይ በሆነው በዚህ አገር አብዛኛው መሬት ታርሶ የቀረው ጫካ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው፤ ከዚያ ከነሥሩ ከመንቀል በአጥር ጥግ ማሳደግ ይሻላል፤ አያስቸግርምም።

ለማሳደግ ግን መጀመሪያ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ሐረግ ሬሳ የዱባና የቅል ዘመድ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ዜኔሪያ ስካብራ ይባላል። ዱባ በአንድ ክረምት በቅሎ፣ አፍርቶ ይሞታል። ሐረግ ሬሳ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ላዩ ቢቆረጥ ወይም በበጋ ቢደርቅ ከወፍራም ሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ግንዱ ቀጭን ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ በትንሹ የተነካከሰ ሲሆን ላዩ በጣት ሲዳበስ ይሻክራል። አበባው ነጣ ያለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ያላየው ሰው ያልፈዋል። ፍሬው ክብና ልሙጥ፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ሲበስል ይቀላል።

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ግን መያዣ ክሩ ነው። ከቅጠሉ አንገት ጎን አንድ ያልተከፈለ ቀጭን ክር ይወጣል። ጫፉ ጭራሮ ሲነካ ይጠመጠማል፤ ከዚያ መካከሉ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ይጠቀለልና ሐረጉን ወደ ድጋፉ ይስባል። ክሩን በቅርብ ብታዩት ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ዞሮ መሐል ላይ መገልበጫ አለው። ሁለት ጫፎቹ የተያዙ ክር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢጠቀለል ይጠማዘዝ ነበርና ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1865 (እ.ኤ.አ.) ስለሚወጡ ተክሎች ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በዝርዝር አስረድቶታል።

ይህን ክር ያወቀ ሰው በሌሎቹ አይታለልም። እንዶድም ይንጠላጠላል፣ ፍሬውም ይቀላል፤ ግን መያዣ ክር የለውም፣ ፍሬውም በረጅም ዘለላ ላይ የተደረደረ ነው። የአዞ ሐረግ የሚወጣው በቅጠሉ አንገት እየተጠመጠመ ነው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፣ ጭማቂው ቆዳ ያቆስላል። የምድር እምቧይ የሐረግ ሬሳ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ክር አለው፤ ነገር ግን መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ፍሬውም እሾሃም ነው።

አሁን ወደ ተከላው። የቀላ ፍሬ ለቅሞ ፍሬውን አፍርጦ፣ ዘሩን በውኃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። ዝናቡ ሲይዝ፣ ሰኔ ላይ፣ ከአጥር ሥር ይዘራል። ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጎ ፍግ መቀላቀል ይገባል። ለድጋፍ ስሚዛ ተስማሚ ነው። በቅንጭብ ላይ እንዲወጣ ግን አትተዉት፤ ቅጠል ሲቀጠፍ የሚፈሰው የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

አንድ ሐረግ ብቻ የተከለ ሰው ፍሬ ላያይ ይችላል። ሐረግ ሬሳ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴው ለብቻ ነው። ሴቴዋን አበባ ለመለየት ከጀርባዋ ማየት ነው፦ ከአበባው ቅጠሎች በታች አረንጓዴ ትንሽ ኳስ ካለ ሴቴ ናት፤ ቀጭን ዘንግ ብቻ ከሆነ ወንዴ ነው። ስለዚህ ብዙ ዘር በአንድ ላይ ዘርቶ እስኪያብቡ መጠበቅ፣ ከዚያም ሁለቱንም ማስቀረት ነው።

ስለ መድኃኒትነቱ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጭማቂውን መጠጣት አልመክርም፤ የዱባ ቤተሰብ ተክሎች ኩከርቢታሲን የሚባል መራራና ሆድ የሚያውክ ንጥረ ነገር ሊኖራቸው ይችላል። ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለም። በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው ወባ ሊሆን ይችላልና ዕለቱን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ እንዲያውም ለአንድ ሌሊት መቆየት የለበትም። መታጠኑ ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።

ቅጠል ስትቀጥፉ ከጎን ከወጡት ቅርንጫፎች ይሁን፤ ዋናው ግንድ አይነካ። በመጀመሪያው ዓመት ሐረጉ ሥሩን የሚያወፍርበት ጊዜ ስለሆነ ቅጠሉን ባትነኩት ይመረጣል። በሁለተኛው ክረምት አጥሩን ይሸፍናል።