ጄኔራሉ ከየትኛው ወንበር ነው የሚናገሩት?

የሰው ታሪክ ስንጽፍ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከማዕረግ ነው። «ጄኔራል እገሌ 30 ዓመት አገልግለው በክብር ከተሰናበቱ በኋላ የግሉን ዘርፍ ተቀላቀሉ» እንልና ወደ ሽልማታቸው እናልፋለን። ለዜና ሰው ዋናው ነገር ያለው ግን «ተቀላቀሉ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ይመስለኛል። ለማሳያ የአሜሪካ አየር ኃይሉን በርናርድ ሽሪቨርን እንይ።

ሽሪቨር እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመን ብሬመን ተወልደው በ1917 አሜሪካ ገቡ። በ1954 በካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሮ ከፍተው አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ማሠራት ጀመሩ። ሥራው ምስጢር ስለነበር መኮንኖቹ ቢሮ የሚገቡት በሲቪል ልብስ ነበር። አትላስ፣ ታይታንና ሚኒትማን የተመሩት ከዚህ ነው። በ1962 ጆን ግሌንን ምድርን እንዲዞር ያወጣው ሮኬት ያው አትላስ ነው፤ ቦምብ እንዲሸከም የታሰበው ሰው ተሸከመ። የሚገርመው፣ ሽሪቨር በየካቲት 1957 ሳንዲያጎ ላይ ስለ ጠፈር የበላይነት ሲናገሩ «ጠፈር» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳያነሱ ከበላይ ታዘዙ። ስፑትኒክ የመጠቀችው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው!

ልብ በሉ፣ ሽሪቨር ሮኬት ፈብራኪ አልነበሩም። መንግሥትን ወክለው ለኩባንያዎች ሥራ የሚሰጡና የሚቆጣጠሩ፣ ባጭሩ ገዢ ነበሩ። በ1966 በባለ አራት ኮከብ ጄኔራልነት ጡረታ ወጡና የማማከር ሥራ ጀመሩ። አሁን የተቀመጡት ከሻጩ ወገን ነው። አማካሪ የሚሸጠው ደግሞ እውቀቱን ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልፍ ማወቁም ዋጋ አለው። በ1985 ደግሞ የብሔራዊ የጠፈር ኮሚሽን አባል ሆነው መንግሥትን መከሩ። አጠፉ ማለቴ አይደለም። ግን ጋዜጠኛው «ጄኔራል ሽሪቨር እንዳሉት» ብሎ ብቻ ቢጽፍ አንባቢ የሚሰማው ወታደሩን ነው ወይስ አማካሪውን? ራሳቸው ጄኔራል የነበሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በጥር 1961 የስንብት ንግግራቸው ያስጠነቀቁት ስለዚሁ የጦርና የኢንዱስትሪ ቁርኝት ነበር።

እኛ ጋ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ መኮንኑ ዩኒፎርሙን አውልቆ ወደ ኩባንያ ሄደ፤ እዚህ ከነማዕረጉ ፋብሪካ ገባ። በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል የተቋቋመው ሜቴክ የሚመራው በመከላከያ መኮንኖች ነበር። ከለቡ ወደ መሀል ከተማ ተጋፍተን ስንሳፈርባቸው የኖርነው «ቢሾፍቱ» አውቶቡሶች የተገጣጠሙት እዚያው ሥር ነው። ሥራ ሰጪው መንግሥት፣ ተቋራጩም የመንግሥት መኮንን! ኮርፖሬሽኑ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከሕዳሴው ግድብ ሥራ መነሳቱ እስኪነገር ድረስ «ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ በየጋዜጣው ፊት ገጽ ደፍሮ አልወጣም። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ባልልም፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅን በጥያቄ ማፋጠጥና ጄኔራልን ማፋጠጥ ለሪፖርተር እኩል አይቀልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ቃለ መጠይቅ ሲሰጠን ከልጅነቱ በፊት የምንጠይቀው ይኑር። ከጦሩ የወጡት መቼ ነው? በሥልጣን ላይ እያሉ የየትኛውን ኩባንያ ውል ፈረሙ? ዛሬስ ደመወዝዎን የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ ደግሞ ከማዕረጋቸው ጎን፣ እዚያው መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይጻፍ።