ሐላሉም ሚዛን አለው



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ሱረቱ ረሕማንን ስትቀሩ «ሚዛን» እና «መርጃን» የሚሉት ቃላት ላይ ቆም በሉ። መርጃንን ብዙዎች ኮራል ብለው ይተረጉሙታል። ሚዛን ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) አቁሞ እንዳናዛባው ያዘዘን ነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት ሰፈር ነው። ከባሕር ወለል 1 ከመቶ አይሞላም፤ ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ ግን ኑሯቸው ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። አልጌ በላዩ ከበቀለ ያፍነዋል። አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስለው «በቀቀን ዓሣ» ግን አልጌውን እየጋጠ ያጸዳለታል። ሱብሓነላህ!

ጃማይካ ውስጥ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ትልልቁን ዓሣ አጠመዱ፤ እሱ ሲመናመን ወደ ትንንሹ ዞሩ። በቀቀን ዓሣም አነሰ። ኮራሉ ግን ደህና መሰለ፤ አልጌውን የባሕር ጃርት ይግጥለት ነበርና። በ1980 (እ.ኤ.አ) ከባድ አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው፤ በ1983 በሽታ የባሕር ጃርቱን ፈጀው። አልጌውን የሚግጥ ሌላ አልተረፈም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ50 ከመቶ በላይ የነበረው የኮራል ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 ከመቶ በታች ወረደ።

አስተውሉ፤ የባሕር ዓሣ ሐላል ነው። አጥማጆቹም ልጆቻቸውን ለማብላት የወጡ አባቶች ነበሩ። ጥፋቱ የመጣው ልክ ከማለፍ ነው። ሱረቱል አዕራፍም መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ወሰን ማለፍን ይከለክላል።

ሌላም ትምህርት አለው፤ ሚዛን የሚዛባበት ቀንና ጉዳቱ የሚታይበት ቀን አንድ አይደሉም። ዛሬ ፈጅር ያልፈናል፣ ነገ ቁርኣኑ አቧራ ይጠጣል፤ ምንም የሆንን አይመስለንም። ፈተናው ሲመጣ ነው ቀልባችንን የሚጠብቅልን እንዳልቀረ የምናውቀው።

የመመለሻው በር ግን አልተዘጋም። ቤሊዝ በ2009 በቀቀን ዓሣ ማጥመድን ከልክላለች። ጅዳም ሆነ ዱባይ ዓሣ የምትገዙ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰውን አትግዙ። አገር ቤት ያላችሁም ከማዕዳችሁ የሚደፋውን ቀንሱ። ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ደግሞ የተዋችሁትን አንድ መልካም ሥራ መልሱ።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።