በር ሲከፈት ሥርዓቱም ይጻፍ

አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ። ታዲያ ወዳጅ አገሮች የድንበር መተላለፊያቸውን ሳያከብዱ እንዴት ያቆዩታል? ሁለት ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፦ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ የኖረው የዛላምበሳ በር መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ስንቱ ዘመድ ተላቅሶ ተገናኘ! ነጋዴውም ጤፉንና ሲሚንቶውን ጭኖ ተሻገረ። ነገር ግን ስለ ቀረጥ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ መግቢያ ፈቃድ በዝርዝር የወጣ ሥርዓት አልነበረም። በሩ አራት ወር ሳይሞላው በታኅሣሥ ተመልሶ ተዘጋ።

ሁለተኛ፦ ኢትዮጵያና ኬንያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ጣቢያ አስመረቁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የሁለቱ አገር የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። መንገደኛው ሁለት ቦታ ከመጉላላት ይድናል፤ በሚገባበት አገር በኩል አንዴ ቆሞ ጉዳዩን ይጨርሳል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በሩን ወዳጅነት ይከፍተዋል፤ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን በጽሑፍ የሰፈረ ሥርዓት ነው።

ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪዎቻችንን ይህን እንጠይቅ፦ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በቆሎ የጫነ ነጋዴ በየመንገዱ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተፈታ ቢፈተሽበት፣ ገበያ ላይ የበቆሎው ዋጋ ምን ይሆናል? የሚከፍለውስ ማን ነው?