የአያቴ ሲዲ፦ ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ከመገልበጣችን በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች

«በዚህ ዘመን ስለ ሲዲ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች የሲዲ ማጫወቻ እንኳን የላቸውም። ነገር ግን ሰበታም ሆነ ቡራዩ፣ በየቤታችን ከቴሌቪዥኑ ሥር የሰርግ፣ የመዝሙርና የቤተሰብ ሲዲ ተከማችቶ አለ። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ማኅደር ነው።

እኔ የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ሱሉልታ ትኖር የነበረችው አያቴ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች ስለ ልጅነቷ ያወራችው በአንድ ሲዲ ተቀድቶ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ቦታ ይቆጥብልኛል ብዬ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ገለበጥኩትና ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አያቴ ካረፈች በኋላ ለሬዲዮ የቤት ሥራ ስከፍተው፣ «ሰ» እና «ሸ» ባለችበት ሁሉ ድምፅዋ ውኃ ውስጥ ያለች ያስመስላታል። ወደ 320 ቀየርኩት። ፋይሉ ተለቀ እንጂ ድምፁ አልተሻለም። ለምን?

ሲዲ ላይ ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ሲሆን፣ የግራና የቀኝ ተብሎ ሁለት መስመር አለው። ይህ ሲባዛ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት፣ በደቂቃ ደግሞ 10 ሜጋባይት ያህል ይመጣል። ኤምፒ3 ይህን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው። በ64 ሲሆን ግን የሚሰማውንም ይጥላል፤ አንዴ የተጣለው ደግሞ ቁጥር ቢጨምሩለት አይመለስም።

ስለዚህ ቅንብሩ እንዲህ ይሁን፦

1ኛ. ቅርጸት፦ ዋናውን ቅጂ በፍላክ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ ምንም ሳይጥል መጠኑን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል። ለስልክ የሚሆን ኤምፒ3 ከዚያ ላይ በ192 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል።

2ኛ. አነባበብ፦ እንደ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ያሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ክፍል ደጋግመው የሚያነቡበት ጥንቁቅ አሠራር አላቸው። ይዘገያል፤ ይዘግይ። የችኮላ ንባብ የተጫረውን ቦታ በግምት ሞልቶት ሊያልፍ ይችላል። ቤት የተቀዳ ሲዲ ከሆነ ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ።

3ኛ. ድምፅ ማስተካከያ፦ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉት። ማስተካከል በኋላ፣ በቅጂው ላይ ይደርሳል።

4ኛ. ስም፦ «ትራክ 01» ብሎ መተው ከመጣል አይሻልም። ተናጋሪውን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ኤምፒ3 ላይ ግን አይዲ3 ሥሪት 2.3ን ምረጡ፤ የመጀመሪያው ሥሪት ለግዕዝ ፊደል አልተሠራም።

የገበያ ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ አንርሳ፤ አባዝቶ መሸጥ ወንጀል ነው።

የአያቴን ሲዲ ከመሳቢያው አወጣሁት። ተጭሯል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር (እየዞሩ አይደለም!) ጠርጌ በጥንቁቁ አሠራር አስነበብኩት። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ሁለት ቦታ ላይ ተቋርጧል፤ የቀረው ግን «ሰ»ዋም «ሸ»ዋም ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠፉት ሁለት ቦታዎች ላይ ምን ብላ እንደነበር የሚነግረኝ የለም።

እናንተ ግን ዛሬውኑ ከቴሌቪዥኑ ሥር ፈትሹ። ሳይቃጠል በቅጠል!