አድራሻ መተርጎም አጥር ይሆናልን? በሊኑክስ ከርነል የፓኬት ማጣሪያና የአድራሻ ትርጎማ አወቃቀር፦ ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ የጋራ ሕንፃዎች አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉ የንግድ ሕንፃዎች አንድን የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ተከራዮች ማከፋፈል የተለመደ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር የየተከራዩ ጌትዌይ የአድራሻ ትርጎማን ስለሚያከናውን የውስጥ ኮምፒዩተሮች ከውጭ ሰው የተሰወሩ ናቸው የሚል እምነት ይደመጣል። ይህ ጽሑፍ የሊኑክስ ከርነል ፓኬትን የሚያስተናግድበትን ቅደም ተከተል በመከተል እምነቱን ይመረምራል። ትንተናው ትርጎማ ብቻውን ከአንድ የጋራ ክፍል ላይ የሚመጣን ጎረቤት እንደማያግድ ያሳያል። በመቀጠልም የማጣሪያ ደንቦች አደራደር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው ክፍተትና የግንኙነት ሰንጠረዥ መሙላት በተከታታይ ይታያሉ።

1. መግቢያ

ከቦሌ መድኃኔዓለምና ከአትላስ አካባቢ ተነሥቶ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የከተማዋ ክፍል የተለመደው የንግድ ሕንፃ መልክ የታወቀ ነው። ምድር ቤቱን ባንክና ካፌ ይይዙታል፤ በላይኛዎቹ ፎቆች ደግሞ ክሊኒክ፣ የጉዞ ወኪል፣ የሒሳብ አዋቂ ቢሮና ማሠልጠኛ ጎን ለጎን ይሠራሉ። የሕንፃው አስተዳደር አንድ መስመር አስገብቶ በየፎቁ በስዊች ሲያከፋፍል፣ ተከራዩ በበኩሉ አነስተኛ ራውተር ወይም ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር በጌትዌይነት ያስቀምጣል። ከአነስተኛ ራውተሮች መካከልም ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ስለሆነ፣ ስለ ከርነሉ የሚባለው ነገር ለእነርሱም ይሠራል።

በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ያለ ክሊኒክ የታካሚዎቹን መዝገብ፣ የሒሳብ ቢሮውም የደንበኞቹን ሰነድ በውስጥ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ሆኗል። ስለዚህ ሰርቨሩን ከጎረቤት የሚለየው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ዳራ

የአይፒ አራተኛው ስሪት አድራሻ 32 ቢት ርዝመት ስላለው ሊኖረው የሚችለው ጠቅላላ ብዛት 4,294,967,296 ነው። የአድራሻ ትርጎማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 በአርኤፍሲ 1631 የተገለጸው ይህን እጥረት ለማስታገሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 ደግሞ 10.0.0.0/8፣ 172.16.0.0/12 እና 192.168.0.0/16 ለግል መረቦች እንዲውሉ ለየ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 በአርኤፍሲ 6598 የተመደበው 100.64.0.0/10 ቴሌኮም ድርጅቶች ራሳቸው በደንበኞቻቸው ፊት ለሚያደርጉት ሁለተኛ ትርጎማ የታሰበ ነው። ከታሪኩ መረዳት እንደሚቻለው የትርጎማ ዓላማ ቁጠባ እንጂ ጥበቃ አልነበረም።

በሊኑክስ በኩል ማጣሪያው በየዘመኑ ተለውጧል። በከርነል 2.0 አይፒኤፍደብሊውአድም፣ በ2.2 አይፒቼይንስ ያገለግሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ከወጣው 2.4 ጀምሮ በራስቲ ረስል የተጀመረው ኔትፊልተር ከአይፒቴብልስ ጋር ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በወጣው 3.13 ኤንኤፍቴብልስ ተጨመረ። መሣሪያዎቹ ቢለዋወጡም ከ2.4 ወዲህ የፓኬቱ መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው።

3. የፓኬቱ ጉዞ በአምስቱ ኬላዎች

ኔትፊልተር በከርነሉ ውስጥ አምስት ኬላዎችን አቁሟል። ፓኬት ከመረብ ካርዱ እንደደረሰ መጀመሪያ ፕሪራውቲንግን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ከርነሉ መንገድ ይመርጣል። መድረሻው ጌትዌዩ ራሱ ከሆነ ወደ ኢንፑት፣ ሌላ ማሽን ከሆነ ወደ ፎርዋርድ ይሄዳል። ጌትዌዩ ራሱ የሚያመነጨው ፓኬት በአውትፑት ያልፋል። ከማሽኑ የሚወጣ ሁሉ በመጨረሻ ፖስትራውቲንግን ይሻገራል።

ከዚህ ቅደም ተከተል ሦስት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የመድረሻ አድራሻ የሚተረጎመው በፕሪራውቲንግ፣ የምንጭ አድራሻ ደግሞ በፖስትራውቲንግ ነው። ስለዚህ በመካከል ያለው የፎርዋርድ ማጣሪያ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያየው የውስጡን አድራሻ ነው። ደንቡን በውጭው አድራሻ የሚጽፍ ባለሙያ ደንቡ አንድም ፓኬት ሳይነካ ቢቀር ሊደነቅ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የትርጎማ ደንብ የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ በግንኙነት ክትትል ሰንጠረዥ የተመዘገበውን ውሳኔ ይከተላሉ። በመሆኑም ደንብ ቢለወጥም ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በአሮጌው ውሳኔ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ትርጎማ አድራሻን ይለውጣል እንጂ ማለፍንና አለማለፍን አይወስንም። ያ የማጣሪያው ሥራ ነው።

4. ትርጎማ ብቻ ያለበት ጌትዌይ

ሦስተኛውን ነጥብ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለትንተና ሲባል በገርጂ ያለ አንድ ሕንፃ ይታሰብ። የሕንፃው የጋራ ክፍል 10.20.0.0/24 ነው። የክሊኒኩ ጌትዌይ በውጭ በኩል 10.20.0.7 ሲሆን ከኋላው 192.168.10.0/24 አለ፤ የመዝገብ ሰርቨሩ 192.168.10.5 ነው። በጌትዌዩ ላይ ፓኬት ማስተላለፍ ተፈቅዷል፤ በውጭ ካርድ የሚወጣውን ሁሉ የሚተረጉም አንድ ደንብም አለ። የፎርዋርድ ኬላ ነባሪ ፖሊሲ “ይለፍ” ነው፤ ሌላ ደንብ የለም።

ከሌላ ፎቅ 10.20.0.31 የሆነ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በራሱ ማሽን ላይ “ወደ 192.168.10.0/24 የሚወስደው መንገድ በ10.20.0.7 ነው” ብሎ ይመዘግባል። ከዚያም ወደ 192.168.10.5 ፓኬት ይልካል። በፕሪራውቲንግ የሚመለከተው የትርጎማ ደንብ የለም። ከርነሉ መድረሻው በውስጥ ካርድ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ወደ ፎርዋርድ ይመራዋል። ፖሊሲው ያሳልፈዋል። በፖስትራውቲንግ ያለው ደንብ በውጭ ካርድ የሚወጣን ብቻ ስለሚመለከት ፓኬቱን አይነካም። ሰርቨሩ ሲመልስ ደግሞ ከርነሉ ፓኬቱን ቀድሞ የተመዘገበ ግንኙነት ምላሽ አድርጎ ያውቀዋል፤ ለዚያ ግንኙነት ትርጎማ ስላልተወሰነ ምላሹ ሳይለወጥ ወደ ጎረቤቱ ይደርሳል። ግንኙነቱ ተሟላ ማለት ነው።

የምንጭ አድራሻን ከመጣበት ካርድ ጋር የሚያመሳክረው የከርነሉ ፍተሻም ይህን አያስቀርም፤ የጎረቤቱ አድራሻ እውነተኛና በትክክለኛው ካርድ የመጣ ነውና። ሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል ከሌለው በቀር በመካከል የሚጠይቅ ዘበኛ የለም። እርግጥ ነው፣ የግል አድራሻዎች በዓለም አቀፉ ኢንተርኔት ስለማይጓዙ ከሩቅ ያለ ሰው በዚህ መንገድ ሊመጣ አይችልም። “ትርጎማ ይጠብቃል” የሚለው እምነት የተወለደው ከዚሁ ነው። ነገር ግን በጋራ ሕንፃ ውስጥ መጠንቀቅ የሚያሻው በሩቅ ካለው ሰው ብቻ ሳይሆን በአንድ ስዊች ላይ ካለው ጎረቤትም ነው።

5. የደንቦች አደራደር

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የደንቦቹ ቅደም ተከተል ግን ወሳኝ ነው። ከርነሉ ደንቦችን ከላይ ወደ ታች ያነብባል፤ የሚያሳልፍ ወይም የሚጥል ደንብ ከተስማማ በዚያ ሰንሰለት ወደ ታች አይወርድም። ለፎርዋርድ ኬላ የሚከተለው አደራደር በቂ መሠረት ነው።

ሀ. ነባሪው ፖሊሲ “ይጣል” ይሁን።
ለ. ቀድሞ የተመሠረተ ግንኙነት አካል የሆነ ወይም ከእርሱ ጋር ተዛማጅ የሆነ ፓኬት ይለፍ። አብዛኛው ትራፊክ በዚህ ደንብ ስለሚስተናገድ ከላይ መቀመጡ የማሽኑን ድካም ይቀንሳል።
ሐ. ከየትኛውም ግንኙነት ጋር የማይገጥም ፓኬት ይጣል።
መ. በውስጥ ካርድ ገብቶ በውጭ ካርድ የሚወጣ፣ ምንጩም 192.168.10.0/24 የሆነ አዲስ ግንኙነት ይለፍ።
ሠ. ከውጭ የሚጀመር ግንኙነት የሚያልፈው በመድረሻ ትርጎማ ደንብ በኩል ከመጣ ብቻ ነው። ከርነሉ ይህን ሁኔታ በግንኙነቱ መዝገብ ላይ ስለሚይዝ በማጣሪያው ሊጠየቅ ይችላል።

በዚህ አደራደር የጎረቤቱ ፓኬት ከለ እስከ ሠ ባሉት ደንቦች ፈቃድ ስለማያገኝ በፖሊሲው ይጣላል። የኢንፑት ኬላም ተመሳሳይ ፖሊሲ ያስፈልገዋል፤ ጌትዌዩን የማስተዳደሪያ ፖርት ለውስጥ መረብ ብቻ ይከፈት።

አጥብቆ ለመዝጋት ሲባል አይሲኤምፒን ሙሉ በሙሉ መከልከል ግን የተለመደ ስሕተት ነው። መስመሩ በፒፒፒኦኢ ሲሆን የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን ከ1,500 ወደ 1,492 ባይት ይወርዳል። “ፓኬቱ ትልቅ ነውና ይነስ” የሚለው መልእክት ካልደረሰ አንዳንድ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ሌሎቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ተጠቃሚው ጥፋቱን በመስመሩ ላይ ቢያላክክም ምክንያቱ በማጣሪያው ላይ ነው።

6. መብራት ሲመለስ

በትእዛዝ የገቡ ደንቦች የሚኖሩት በከርነሉ ማኅደረ ትውስታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ደንቦቹን በፋይል ማስቀመጥ የመፍትሔው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የአነሣሡ ቅደም ተከተል ነው። ማሽኑ ሲነሣ ፓኬት ማስተላለፍ ቀድሞ ከተፈቀደና ማጣሪያው ዘግይቶ ከተጫነ፣ በመካከል ባሉት ሰከንዶች ጌትዌዩ በክፍል 4 የተገለጸውን ይመስላል። በዚያ ክፍተት የተከፈተ ግንኙነት ደግሞ በሰንጠረዡ ከተመዘገበ በኋላ በደንብ “ለ” ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያው መጀመሪያ፣ የመረብ ካርዶቹ ቀጥሎ፣ ማስተላለፉ መጨረሻ ይሁን።

ኤንኤፍቴብልስ አንድን የደንብ ፋይል በሙሉ ተቀብሎ ያጸናል፤ በውስጡ አንድ ስሕተት ካለ ምንም ሳይለውጥ ይመልሰዋል። ይህ ባሕርይ ግማሽ ደንብ ይዞ የመነሣትን አደጋ ያስቀራል። ከሩቅ ሆኖ ደንብ የሚለውጥ ባለሙያም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሮጌውን ፋይል በራሱ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ፣ ራሱን በውጭ ቢዘጋ እንኳ ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ ለመመላለስ አይገደድም።

7. የግንኙነት ሰንጠረዥ አቅም

የክትትል ሰንጠረዡ ጣሪያ አለው፤ በብዙ ማሽኖች 65,536 ወይም 262,144 መዝገብ ነው። ሲሞላ ከርነሉ አዳዲስ ግንኙነቶችን ይጥላል። መስመሩ ሳይቋረጥ “ኢንተርኔት የለም” የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለት ምክንያቶች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ነው። ጌትዌዩ ባትሪ ኖሮት የተከራዩ ኮምፒዩተሮች ድንገት ሲጠፉ ግንኙነቶቹ የመዝጊያ ፓኬት ሳይልኩ ይሞታሉ። ለተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት የከርነሉ ነባሪ የቆይታ ጊዜ 432,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ቀን ስለሆነ፣ የሞቱት መዛግብት በሕያዋን ቦታ ይከማቻሉ። አርኤፍሲ 5382 ለትርጎማ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጊዜ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው፤ ቆይታውን ወደ 7,440 ሰከንድ ማውረድ እንግዲህ ከደረጃው ሳይወጡ ሰንጠረዡን ማቃለያ ነው።

ሁለተኛው በቫይረስ የተያዘ አንድ ኮምፒዩተር ነው። ምላሽ ያላገኘ የመክፈቻ ፓኬት በነባሪነት 120 ሰከንድ ይመዘገባል። ማሽኑ በሰከንድ 1,000 ሙከራ ቢያደርግ 120,000 መዛግብት ይይዛል፤ 65,536 ጣሪያ ያለው ሰንጠረዥም ከ66 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይሞላል። ጣሪያውን ማሳደግ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለእያንዳንዱ የውስጥ አድራሻ የግንኙነት ብዛት መወሰን ግን አንዱ የሁሉን ድርሻ እንዳይወስድ ያደርጋል።

8. ማጠቃለያ

ከትንተናው እንደሚታየው የአድራሻ ትርጎማና የፓኬት ማጣሪያ በአንድ ከርነል፣ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ቢደገፉም ተግባራቸው ይለያያል። ትርጎማ የቤቱን ቁጥር ይለውጣል፤ በሩን የሚዘጋው ማጣሪያው ነው። ልዩነቱ ወደፊት ይበልጥ ይጎላል፤ በአይፒ ስድስተኛው ስሪት እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ አድራሻ ሊይዝ ስለሚችል ትርጎማው ቀርቶ ማጣሪያው ብቻ ይቀራል። ዛሬ በትርጎማ ተማምኖ የፎርዋርድን ፖሊሲ ክፍት የተወ ጌትዌይ፣ ያን ጊዜ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለሩቁም ክፍት ይሆናል።

ስለዚህ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ የማንኛውም ጌትዌይ ኃላፊ ሦስት ፈተናዎችን ቢያደርግ ይመከራል። የመጀመሪያው ከራሱ ጌትዌይ ውጭ፣ በጋራው ክፍል ላይ ኮምፒዩተር አስቀምጦ ወደ ውስጥ አድራሻ መንገድ መመዝገብና መሞከር ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ መልሶ በመሰካት ማሽኑ በሚነሣባቸው ሰከንዶች ያንኑ ሙከራ መድገም ነው። ሦስተኛው በሥራ ሰዓት የሰንጠረዡን መዛግብት ቆጥሮ ከጣሪያው ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስቱም ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቁም፤ ከግማሽ ቀን በላይ ጊዜም አይወስዱም።